የወለጋ ደኖች ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታና የእንጨት ሥራ ሳይንስ

ከነቀምቴ ከተማ ሰፈሮች አንዱ በከኒሳ ቀሴ ይባላል። በከኒሳ በአማርኛ ብሳና ለምንለው ዛፍ በኦሮምኛ የተሰጠ ስም ሲሆን፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ደግሞ ክሮቶን ማክሮስታኪየስ ይሉታል። ብሳና በአናጢ ዘንድ እንደ ዋንዛ ክብር የለውም። ይሁን እንጂ ለማገዶ ያገለግላል፤ ለንብ አበባ፣ ለቡና ጥላ ይሰጣል፤ የረገፈው ቅጠሉም ቶሎ በስብሶ አፈሩን ያዳብራል። ከእነዚህ ጥቅሞች ውስጥ ወደ ገበያ ወጥቶ በገንዘብ የሚመዘገበው ጥቂቱ ነው። ስለ አንድ አካባቢ ደን ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ ለመመርመር የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግርም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ደን ስንል ምን ማለታችን ነው? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቀበለችው ትርጓሜ መሠረት ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት ያለው፣ ዛፎቹ ቢያንስ 2 ሜትር የሚረዝሙ፣ የቅርንጫፎቻቸው ጥላም ከመሬቱ ቢያንስ 20 በመቶውን የሚሸፍን ቦታ ነው። በዚህ መለኪያ የሀገሪቱ የደን ሽፋን 15.5 በመቶ፣ ማለትም ከ17 ሚሊዮን ሄክታር ጥቂት ከፍ ያለ ሆኖ በ2016 ተመዝግቧል። ስለዚህ በወለጋ በነቀምቴ አጠገብ ያለው የኮምቶ፣ በሆሮ ጉዱሩ ያለው የጫቶና በቄለም ያለው የአንፊሎ እርጥበታማ ደን ብቻ ሳይሆን፣ በደዴሳ ሸለቆ የሚገኘው ጥቅጥቅ ያለ የቆላ ዛፍና ቀርከሃም መለኪያውን እስካሟላ ድረስ በደንነት ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአካባቢ፣ ደንና የአየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴርና በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የወጣ ጥናት፣ ደኖች በ2012/13 ለሀገሪቱ ያስገኙት ጥቅም ከአጠቃላይ ምርቷ 13 በመቶ ያህል እንደሚደርስ አስልቷል። በመደበኛው የሂሳብ መዝገብ የሚታየው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እናት ከጫካ ተሸክማ የምታመጣው ማገዶ፣ ከብት የሚቀጥፈው ቅጠል፣ በቤት የሚበላው ማር ደረሰኝ የላቸውም። በወለጋ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ቡና ነው። በዓለም ገበያ በጥንቱ የነቀምቴ ስም ለቀምት ተብሎ የሚታወቀው ቡና የሚለማው በአብዛኛው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ገቢው በግብርና ስም ይመዘገባል፤ ጥላውን የሰጠው ዛፍ ግን በየትኛውም ዐምድ አይገኝም። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ከ1973 ጀምሮ የሚጠቀምበት ውኃም እንዲሁ ነው፤ ከተራቆተ ተዳፋት ታጥቦ የሚወርደው ደለል የግድብን ዕድሜ ሲያሳጥር ወጪውን በደኑ ኪሳራ ላይ የሚጽፍ የለም።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። የወለጋ አናጢ ለበር፣ ለአልጋና ለቁምሣጥን የሚመርጠው ዋንዛን ነው፤ በኦሮምኛ ወዴሳ የሚባለው። ቀረሮና ዝግባም የታወቁ የጣውላ ዛፎች ናቸው። ዐዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሀበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በዚህ ምክንያት ገበያው ይበልጥ የተደገፈው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አጣና ይሆናል። ልጁን ለማስተማር ገንዘብ የሚያስፈልገው ገበሬ ለአሥርት ዓመታት ዋንዛን ቢጠብቅ እንዴት ይሆንለታል? ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው።

ነገር ግን አብዛኛው ገንዘብ የሚጠፋው ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ይመስለኛል። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ እንውሰድ። ግንዱ ሙሉ ሲሊንደር ነው ብንል ይዘቱ 3.14 × 0.15 × 0.15 × 4 ሲሆን፣ 0.28 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በመሰንጠቂያው ግማሹ ልጥ፣ ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ሆኖ ቢወድቅ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ከዚህ ግንድ የሚገኘው ሰባት ብቻ ነው። ከሰባቱም ሁለቱ ሲደርቁ ቢጣመሙ የሚሸጠው አምስት ነው።

ጣውላ ለምን ይጣመማል? የእንጨት እርጥበት የሚለካው በውስጡ ያለውን ውኃ ክብደት ፈጽሞ ለደረቀው እንጨት ክብደት በማካፈል ነው። ገና ሲቆረጥ 9 ኪሎ የነበረ ጣውላ በምድጃ ደርቆ 5 ኪሎ ከሆነ፣ እርጥበቱ 4 ሲካፈል ለ5፣ ማለትም 80 በመቶ ነበር። (በዚህ አለካክ እርጥበት ከ100 በመቶ ሊበልጥ መቻሉ ተማሪዎችን ዘወትር ያስገርማል።) መጀመሪያ የሚወጣው በሕዋሳቱ ባዶ ክፍል ያለው ነጻ ውኃ ነው፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱ ብዙም አይኮማተርም። እርጥበቱ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር የተጣበቀው ውኃ መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም ይኮማተራል። ኩምትሪያው በዕድገት ቀለበቶቹ አቅጣጫ ከመሀል ወደ ቅርፊት ካለው በግምት እጥፍ ነው። ጣውላው የሚጎብጠው በዚህ ልዩነት ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ስለሚያጠራቅም፣ እንደተቆረጠ ጫፉ ይሰነጠቃል።

ክረምቱ ረጅም በሆነበት በነቀምቴ አየሩ ስለሚረጥብ፣ በችኮላ የተሠራ በር በበጋ ክፍተት ያወጣል። መፍትሔው ውድ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየድርድሩ መሀል ስስ ዘንግ አስገብቶ፣ ፀሐይና ዝናብ በማይነካው ጣሪያ ሥር ማቆየት፣ ጫፉንም ቀለም መቀባት ብዙውን ጉዳት ይቀንሳል። ችግሩ በእነዚያ ወራት የታሰረ ገንዘብ ለአናጢው ከየት ይምጣ የሚለው ነው፤ ብድር ለእንጨት ሥራ ከመጋዝ ያላነሰ መሣሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ከሰል ጥቂት እንበል። በአየር የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት 15 ሜጋጁል ገደማ፣ አንድ ኪሎ ከሰል ደግሞ 30 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ይይዛል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት 7 ኪሎ እንጨት ካስፈለገ፣ ከ105 ሜጋጁል የሚተርፈው 30 ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ይከሰላል? ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ መኪና በሚጫነው ኪሎ እጥፍ ኃይል መውሰድ ለነጋዴው ያዋጣል። ኪሳራው የሚቀረው ጫካው ዘንድ ነው።

በኋላ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ባለቤትነትን ለይቶ ዕውቅና ሰጥቷል። ይህ ለዋንዛ ትልቅ ትርጉም አለው። ዋንዛ በበቆሎ ማሳ መሀል ራሱ በቅሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ገበሬው ችግኙን ሲያርም ይነቅለዋል ወይም ይተወዋል። ዛፉ ሲደርስ ያለ ረጅም ምልልስ ቆርጦ መሸጥ እንደሚችል እርግጠኛ ከሆነ ይተወዋል።