ያልነበረውን ሰው እንደ ነበረ አድርጎ ስለ መጻፍ

የስለላ ልብ ወለድ ለመድረስ የተነሣ ሰው፣ ሰላይ የሚሸሸግበት ሐሰተኛ ታሪከ ሕይወት እንዴት እንደሚበጅ ለመማር ቢሻ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ኢወን ሞንታጉና ቻርልስ ቸምሊ የተባሉት የእንግሊዝ መኮንኖች ከፈጠሩት ከሻለቃ ዊልያም ማርቲን የሚበልጥ አብነት አያገኝም። ሻለቃው ከቶ አልተወለደም፤ ስሙን የተሸከመው ግሊንዱር ማይክል የተባለ የድኻ ዌልሳዊ በድን ነው፤ የዚህ ምስኪን እውነተኛ ስም በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈለት በ1998 ዓ.ም. መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በድኑ በእስፓኝ ጠረፍ በዌልባ አጠገብ ባሕር ላይ በተጣለ ጊዜ፣ በቦርሳው የተገኙት ደብዳቤዎች የእንግሊዝና የአጋሮቿ ጦር የሚወርደው በሲሲሊ ሳይሆን በግሪክና በሰርዲንያ ነው ብለው ጀርመኖች እንዲያምኑ አደረጉ።

አስቀድሞ ስም ይመረጥ። ሻለቃው አባል ነው በተባለበት በሮያል ማሪን (በእንግሊዝ የባሕር እግረኛ ጦር) መኮንኖች መካከል ማርቲኖች ብዙ ነበሩና፣ መዝገብ የሚመረምር ጠላት ከብዙዎቹ አንዱ ነው ብሎ ያልፋል። ማዕረጉም ምሥጢር ለመሸከም የሚበቃ፣ ነገር ግን ሁሉ የሚያውቀው ያልሆነ ይሁን።

ቀጥሎ፣ ዋናው ድካም ያለበት ይህ ነውና፣ ደራሲው ለፈጠረው ሰው ጉድለትን ይስጠው። ነውር የሌለበት ሰው በጽሕፈት ቤት የተሠራ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ማርቲን ግን ወደ 80 ፓውንድ የሚጠጋ የባንክ ዕዳ ነበረበት፤ ለእጮኛው ለፓም የገዛው ቀለበት ሒሳቡ አልተከፈለም ነበር፤ መታወቂያው በጠፋው ምትክ የተሰጠ፣ የመግቢያ ፈቃዱም ጊዜው ያለፈበት ነበር። ሞንታጉ አዲስነታቸው እንዲጠፋ መታወቂያዎቹን በሱሪው ላይ ሲፈትግ ሰነበተ፤ ቸምሊም የደንብ ልብሱን ራሱ ለብሶ አሮጌ አስመሰለው።

የፍቅሩ ደብዳቤዎች በሴት እጅ ተጻፉ፤ ደራሲውም የእጮኛን፣ የአባትንና የባንክ ሹምን ቃል በአንድ አንደበት እንዳይናገር ይጠንቀቅ።

በመጨረሻ የእውነቱና የሐሰቱ ዘመን ጎን ለጎን ይጻፉ። በድኑን የያዘው ሰርጓጅ መርከብ ከስኮትላንድ የተነሣው ሚያዝያ 19 ቀን ሲሆን፣ በኪሱ የነበሩት የቴአትር ቲኬት ቁራጮች የ22 ነበሩ፤ ይኸውም ሻለቃው በዚያ ምሽት ለንደን ከቆየ በኋላ በአውሮፕላን ተነሥቶ የወደቀ እንዲመስል ነው። ከዚህ ስሌት ጋር የማይስማማ ወረቀት ቢገኝ፣ ምንም ያማረ ቢሆን ይቀደድና እንደገና ይጻፍ።