የመንግሥት ትእዛዝ ሲቀር

ጥያቄ፦ ደቡብ ኦሞ፣ ካኮ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ። ሦስት ዓመት ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዴስክ ብቻ ሠራሁ። ዘንድሮ ጨረታው ለሌላ ተሰጠ፤ የአምናው ሒሳብም አልተከፈለኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በመንግሥት ትእዛዝ ላይ የመደገፍ ችግር ትልልቅ የጦር መሣሪያ አምራቾችንም ጥሏል። የአሜሪካው ኮልት ለሠራዊቱ ኤም 4 ጠመንጃ ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ውሉን የቤልጂጉ ኤፍኤን ወሰደው፤ ኮልት በ2015 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ከእኛ ዘንድ የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ነበር። ጋፋትን የመሰሉ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችን ይዞ በ2002 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመንግሥት ፕሮጀክቶች ጎረፉለት፤ እዚያው ደቡብ ኦሞ ያለው የኦሞ ኩራዝ ቁጥር 1 ስኳር ፋብሪካም አንዱ ነው። ሥራዎቹ ተጓተቱ፤ በ2010 ዓ.ም. ክረምት የሕዳሴ ግድቡን ሥራ ተነጠቀ። በጸሐፊው እምነት፣ ያለ ውድድር የሚመጣ ትእዛዝ የድርጅትን ድክመት ሸፍኖ ያቆያል።

እርስዎ ግን ድክመት ላይኖርብዎት ይችላል፤ የታሰረው ገንዘብዎ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ውሉን፣ ዴስኮቹ ገቢ የሆኑበትን ሞዴል 19 እና ደረሰኝዎን አያይዘው ክፍያውን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያስመቱ። ጎን ለጎን በር፣ መስኮትና አልጋ ይሥሩ፤ የሰኞ ገበያተኛ እንዲያያቸው ደጅ ላይ ያቁሟቸው።

ለደብዳቤው መልስ ካጡ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ብየዳ ማሽኑን ለዕዳ ከመሸጥዎ በፊት ደግሞ ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ መዝገብዎን ይይልዎት።