ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ምእመናን የሚያነሡአቸው ጥያቄዎች



ባለፈው ክረምት ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች በተዘጋጀው ዐውደ ጥናት ላይ አንዲት አስተማሪ እጅዋን አንሥታ፣ «አባ፣ መልክን በቀዶ ሕክምና ማሳመር ኃጢአት ነውን? ልጆቹ ይጠይቁኛል፤ የምመልሰው አጣሁ» አለችኝ። ከአጠገብዋ የተቀመጡ አንድ አዛውንትም፣ «እግዚአብሔር የሠራውን ሰው ያፈርሳልን?» ሲሉ ጨመሩበት። በጉባኤው መካከል የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልበሰለ ስለ ነበር፣ ነገሩን በዚህ ጽሑፍ በሰፊው ለመመልከት ወደድሁ።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። ብዙዎች «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል በሰውነት ውስጥ ላስቲክ የሚጨመር ይመስላቸዋል። ቃሉ ግን ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ማበጀት፣ ጭቃን ቅርጽ ማስያዝ ማለት ነው። እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር እንዳበጀው በሚናገረው ክፍል (ዘፍ 2፡7) የሰባ ሊቃናት ትርጉም የተጠቀመው ከዚሁ ሥር የወጣውን ግሥ ነው። ስለዚህ ስሙ ሊያስደነግጠን አይገባም።

ሥራውም የትናንት አይደለም። በጣልያን አገር የቦሎኛው ሐኪም ጋስፓሬ ታሊያኮዚ በ1597 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተቆረጠ አፍንጫ ከሰውየው ከገዛ ክንዱ በሚወሰድ ቆዳ እንዴት እንደሚታደስ በሥዕል አስደግፎ አሳይቷል። በሽተኛው ክንዱን ከፊቱ ጋር አስሮ ለሳምንታት መቆየት ነበረበት፤ ያውም የዛሬው ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆነው ሃሮልድ ጊሊስ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሲድካፕ በተከፈተው ሆስፒታል ፊታቸው በጥይትና በፍንዳታ የፈረሰ ወታደሮችን ያክም ነበር። ጤነኛውን ፊት ለማሳመር የሚውለው ጥበብ ያደገው በአብዛኛው የፈረሰውን ፊት ለመጠገን ከተደከመው ድካም ነው።

እንግዲህ የፈረሰውን መጠገንና ያልፈረሰውን ማሳመር አንድ አይደሉም። ስለ መጀመሪያው ክርክር ሊኖር አይገባም ነበር። ሆኖም እኔ ራሴ በዚህ ነገር ስቻለሁ።

ገና አዲስ ካህን ሳለሁ በአንድ የገጠር ቁምስና አንዲት እናት ከንፈሩና ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ታቅፋ ወደ እኔ መጣች። ጎረቤቶችዋ እርግማን ነው ብለዋት ነበር። እኔ እርግማን አለመሆኑን ነግሬ አጽናናኋት፤ «መስቀልሽን ተሸከሚ» ብዬም አሰናበትኋት። ስለ ሕክምና አንድ ቃል አልተናገርሁም። የመልክ ጉዳይ ስለ መሰለኝ፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ድሀ ቤተ ሰብን ወደ ከተማ ማንከራተት ትርፍ ወጪ ሆኖ ታየኝ። ልጁ ሕክምና ያገኘው በሰባት ዓመቱ፣ በሌሎች ሰዎች ርዳታ ነው። ከንፈሩ አምሮ ተገጠመ፤ ንግግሩ ግን በአፍንጫው የሚወጣ ሆኖ ቀረ። ኋላ ከሐኪም እንደ ተረዳሁት፣ ከንፈር ከሦስት ወር ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ሊሰፋ ይችላል፤ ላንቃ ደግሞ ሕፃኑ አጥርቶ መናገር ሳይጀምር፣ በአንድ ዓመት አካባቢ ቢዘጋ ለንግግሩ ይበጃል። እናቲቱ ዛሬም ስታገኘኝ እጄን ትስማለች፤ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ይህ ለእኔ አያቀልልኝም።

ስለዚህ አስተማሪዎች ሆይ፣ በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ያህል እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ ዕወቁ፤ በሰፈራችሁ ብታገኙ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩ። የእሳት ቃጠሎ አንገቱን ከደረቱ ያጣበቀው ልጅ፣ ኖማ የተባለው በሽታ ጉንጩን የበላው ልጅም እንዲሁ ናቸው። ይህን በሽታ የዓለም የጤና ድርጅት ከተዘነጉት የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ዕረፍታቸው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 4 ቀን 1958 እ.ኤ.አ.፣ ለጣልያን የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪሞች ስለዚሁ ጉዳይ ንግግር አድርገው ነበር። የትምህርታቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የአካል ውበት በራሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ ለሚበልጡ መልካም ነገሮች ይገዛል። አሳቡ ቅን፣ ጤናው ከከባድ አደጋ የተጠበቀ፣ ምክንያቱም ከሚደረገው ነገር ጋር የተመጣጠነ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው አይከለከልም። ሌላውን ወደ ኃጢአት ለመሳብ ወይም ወንጀለኛን ከፍርድ ለመሰወር ሲሆን ግን የተከለከለ ነው። ለአዛውንቱ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ሐኪም የሠሪውን ሥራ ሁሉ አያፈርስም፤ አንዳንዴ ግን ያፈርሳል፤ ልዩነቱ በምክንያቱና በመጠኑ ነው።

ሰዎች በተግባር ምን ይገጥማቸዋል? አንዲት የቁምስናችን ሴት ከጡትዋ ክብደት የተነሣ ጀርባዋንና ትከሻዋን ለዓመታት ታምማ በቀዶ ሕክምና አሳነሰችው። «ቅንጦት ነው» ብለው ያሙዋት ነበሩ፤ እርስዋ ግን በሥቃይ ትፈጽመው የነበረውን ስግደት ዛሬ ያለ ሕመም ትሰግዳለች። ሌሎች ደግሞ ፋሻው ሲፈታ ያበጠና የጠቆረ ፊት አይተው ይደነግጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማዘንና ማልቀስም አለ። የአፍንጫ እብጠት ፈጽሞ እስኪወርድ አንድ ዓመት ያህል ሊፈጅ እንደሚችል አስቀድሞ የነገራቸው የለም። ጠባሳ የማይተው ቀዶ ሕክምና የለም። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳው አብጦ የሚያድግበት፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉት ነገር በብዛት ይታያል።

«አንዴ ከተደረገ ለዘለዓለም ነውን?» ብለው የሚጠይቁም አሉ። አይደለም። በጡት ውስጥ የሚገባው ሲሊኮን ዕድሜ ልክ እንዲቆይ የተሠራ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ፒ.አይ.ፒ. የተባለው ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲጠቀም መገኘቱ ታወቀ፤ በዚያ አገር ብቻ 30,000 ያህል ሴቶች ይህንኑ በሰውነታቸው ይዘው ነበር። መሥራቹ በ2013 እ.ኤ.አ. የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ግን ሁለተኛ ጊዜ ቢላዋ ሥር ገቡ።

ስለ ንቅሳትም ተጠይቄአለሁ። እናቶቻችን በግንባራቸውና በአንገታቸው ያለውን ንቅሳት በሌዘር ማስጠፋት ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን አያልቅም፣ በሳምንታት ልዩነት ተደጋግሞ ይሠራል፤ በጥቁር ቆዳ ላይም ነጭ ወይም የጠቆረ ምልክት ሊተው ይችላል። በግንባር ያለ መስቀል ከሆነ፣ ማስጠፋቱ ክህደት አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ባይጠፋ እወዳለሁ።

በመጨረሻ፣ እንድጽፍ የፈቀደችልኝን የአንዲት ወጣት ነገር ላንሣ። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ስድስት ዓመት ደክማ በተመለሰች ጊዜ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ አፍንጫዋን ለማሳነስ እንዳሰበች አጫወተችኝ። «ማን አስቀየመሽ?» አልኋት። «ማንም፤ በስልኬ ፎቶ ሳነሣ ነው ያየሁት» አለች። እኔ ሳላውቀው ሐኪሙ ግን የነገራት ነገር አለ፦ ከክንድ ርቀት የሚነሣ ፎቶ አፍንጫን ከእውነተኛ መጠኑ አግዝፎ ያሳያል። በመስተዋት ፊት በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቆምም ጠየቃት። አንዳንድ ሰዎች ሌላው በማያየው ጉድለት ሌት ተቀን ይሠቃያሉ፤ ይህ በሽታ ነው፤ ቢላዋ አያድነውም፤ የሚረዳው የአእምሮ ሐኪም ነው። ልጅቱ እንደዚያ ትሁን አትሁን እርሱ አልቸኰለም፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሽ ብሎ አሰናበታት።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነ። ገንዘቡን ከባንክ አላወጣችውም፤ አሳቡንም አልተወችም። በሁለተኛው ቀጠሮ አብሬያት እንድሄድ ለምናኛለች፤ እሺ ብያታለሁ።