ከምርጊት እስከ ልስን፦ የጭቃ ቤት ማጠናቀቂያ በቆቦ

ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቆቦ፣ የእንጨትና ጭቃ ቤት ዕድሜ በእጅጉ የሚወሰነው የጣሪያው ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። ከጤፍ ጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ በማገሩ ላይ ተመርጎ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃልም። ይህን ስንጥቅ እንደ ጉድለት መቁጠር ስሕተት ነው። ጭዱ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዘዋል፤ ሻካራው ገጽም ለቀጣዩ ልስን መቆንጠጫ ይሆናል።

ጉዳቱ የሚመጣው ባለቤቱ ለመግባት ቸኩሎ ባልደረቀ ምርጊት ላይ ሲያስለስን ነው፤ ውስጡ እየተኮማተረ ሲሄድ ላዩ ይላቀቃል፣ ልስኑም እንደገና ወጪ ይጠይቃል። የቆላ ፀሐይ በዚህ ረገድ ታታልላለች፦ ገጹን ፈጥና ታደርቃለች፣ ውስጡን ግን እርጥብ ትተወዋለች።

የሲሚንቶ ልስን ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ሲሚንቶ ደርቆ ግትር ይሆናል፤ ጭቃው ግን፣ በተለይ ከመረሬ አፈር ከተቦካ፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ በተነፋ አፈርና በእበት የተዘጋጀ ልስን፣ በየጊዜው መታደስ ቢያሻውም፣ ከግድግዳው ጋር ይስማማል።

ሊሾ ወለል ውኃ ስለሚፈልግ ከቀለም በፊት ማለቅ አለበት። ኮርኒስ ደግሞ በቆቦ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቀትር ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ሙቀት ይቀንሳል።