የቆሰለ ውሻና የጨው ውሃ

በአምቦ ጎዳና ባጃጅ የገጨውን ውሻውን ለማሳከም በቂ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ምን ያድርግ? ከከተማው በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጉደር፣ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ማሞ መዘምር ካምፓስ፣ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ነገር ግን ከሸነን ተነሥቶ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ቁስሉ አይጠብቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት በቤት ውስጥ የሚደረገውን እንመልከት።

የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ይቀድማል። ቀጥሎ በፈላ 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው አሟሙቶ፣ ለብ ሲል ቁስሉን ማጠብ ነው። መጠኑ ለምን እንዲህ ሆነ? ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ባዶ ውሃ በኦስሞሲስ ወደ ሕዋሳት ገብቶ ያሳብጣቸዋል፤ ጨው ከበዛ ደግሞ ውሃቸውን ይመጣል። አልኮል ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን የሚጠግኑትን ሕዋሳትም ይገድላል። (የአምቦ ውሃንም ለጠጪዎቹ እንተወው።)

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ከቤት የተገኘ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መስጠት ግን እጅግ ውድ ስሕተት ነው። መድኃኒቶቹ ጨጓራንና ኩላሊትን የሚጠብቁትን ፕሮስታግላንዲኖች ይቀንሳሉ፤ ውሻም ከሰው ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። በስብራት ሊድን የሚችል እንስሳ በጨጓራ መድማት ይሞታል።

ቁስሉ የሌላ ውሻ ንክሻ ከሆነ፣ ወይም እንስሳው ጠባዩ ተለውጦ ለሃጩ የሚዝረከረክ ከሆነ፣ አንንካው፤ ለእንስሳት ሐኪም እናሳውቅ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ ሳሙና የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ የስብ ሽፋን ያፈርሳልና። ከዚያም በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።