የባክግራውንድ ቼክህን ስታነብ

ልጄ፣ ትናንት ማታ «ውጤቱ ‹ኮንሲደር› ይላል፤ አለቀልኝ» ብለህ ስትደውል ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ እንጀራ ስፈልግ ያቺ ቀጣሪዎች የሚያስወጧት የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ወረቀት ደጋግማ ገጥማኛለችና የማውቀውን ልንገርህ።

1. «ኮንሲደር» ማለት ወንጀለኛ ነህ ማለት አይደለም። አጣሪው ድርጅት ለቀጣሪው «ይህን አይተህ ወስን» ማለቱ ነው።

2. ከሁሉ በፊት ስምና የትውልድ ቀን እይ። እኛ የአያታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም እናስመዘግባለን፤ ከበደ፣ ተስፋዬ፣ መሐመድ የሚባል ደግሞ ስንት ሰው አለ! በዚያ ላይ በስደት ከመጣነው የብዙዎቻችን ልደት ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። አንድ ጊዜ የመጋዘን ሥራ ስጠይቅ፣ ረግጬው በማላውቀው ግዛት የተፈጸመ ስርቆት በእኔ ላይ ተጽፎ መጣ። ስሜ ልክ ነው፤ የአያቴም ስም ልክ ነው፤ ልደቱም ጃንዋሪ 1። መካከል ላይ የተጻፈው የአባት ስም ግን የእኔ አባት አልነበረም። ያን በጣቴ ጠቁሜ ማሳየት ሲገባኝ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሥራው ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

3. ክሱን አይተህ አትደንግጥ፤ መጨረሻውን አንብብ። «ዲስፖዚሽን» የሚለው መስመር ላይ ነው ያለው። «ዲስሚስድ» ካለ ክሱ ተዘግቷል፤ «ኖሌ ፕሮሲኪዊ» ካለ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶታል። ተይዞ መታሰር ብቻውን ጥፋተኝነት አይደለም። መስመሩ ባዶ ከሆነ ጉዳዩ ከታየበት ፍርድ ቤት የውሳኔውን ቅጂ አውጣ።

4. መኪና ለምትነዳ ለአንተ ይህን አጠብቄ እነግርሃለሁ። በቨርጂኒያ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት «ሬክለስ ድራይቪንግ»፣ ማለትም በግዴለሽነት መንዳት፣ ሊባል ይችላል። እሱ እንደ ተራ ትኬት አይደለም፤ ክላስ 1 ሚስዲሚነር የሚባል ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስቀጣ ይችላል። ልጆቻችን «ትኬት ናት» ብለው ጥፋቱን አምነው ይወጣሉ፤ ኋላ ሥራ ሲጠይቁ ወንጀል ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ጠበቃ ሳታማክር ዳኛ ፊት አትቁም። ዜግነት ካልወሰድክ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ጠይቅ።

5. በ1970 የወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው ሕግ ለአንተም ይሠራል። ቀጣሪው በሪፖርቱ ምክንያት ከመከልከሉ በፊት ቅጂውንና መብትህን የሚዘረዝር ወረቀት ሊሰጥህ ይገባል። ስህተት ካገኘህ ለአጣሪው ድርጅት በጽሑፍ «ዲስፒዩት» የሚሉትን ተቃውሞ አቅርብ፤ እንደ ደንቡ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ማረም አለበት። ቀጣሪው ግን ያን ያህል ላይጠብቅህ ይችላልና ለእሱም በዚያው ቀን ጻፍለት።

6. የተጻፈው እውነት የአንተ ከሆነ አትካድ። መቼ እንደሆነና ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖርክ በአጭሩ ተናገር።

በል፣ ወረቀቱን ይዘህ ዛሬ ማታ ና። መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።