የዘማች ቤተ ሰብም ሥልጠና ያሻዋል

በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ የዘመተው ሠልጥኖ ነው። በዚያ ጦርነት 121 ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ቤተ ሰቦቻቸውን ግን ለመርዶ ማን አሠለጠናቸው?

በአገራችን በራቤል መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይሆንም። ይህ ታላቅ ብልሃት ነው፤ ዳሩ ግን የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው። ለመጠበቂያው ዘመንስ ምን አለን?

በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ለባሕር ኃይል ቤተ ሰቦች የተጀመረው ፎከስ የተባለ ሥልጠና፣ ወላጅም ልጅም የመለያየቱን ታሪክ እያንዳንዱ እንዳየው እንዲናገር፣ ፍርሃቱን በስሙ እንዲጠራ፣ ችግሩንም በጋራ እንዲፈታ ያስተምራል። የዚህን መጀመሪያ እኛም ያለ ገንዘብ ልናደርገው እንችላለን። ስለዚህ ለክረምት አገር ስንገባ፣ የዘማችን ልጅ «አባትህ ነገ ይመጣል» እያልን ማታለሉን ትተን፣ የምናውቀውን እውነት በልኩ እንንገረው፤ የሚፈራውንም እንስማው።